ፍትሐት ያገኘው ድብ

አያ ክንዱ መርዶ ይዘው ሲመጡ ፊታቸውን መደበቅ አይችሉበትም። ቡሬ ላይ፣ የእህታቸው ልጅ ይታገሱ ባዮሎጂ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት በር፣ ጭቃ የጠጣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ቆመዋል። ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እያዛወሩ፣ «እናትህን ትንሽ አሟት ነበር፤ አሁን ደህና ናት፤ ብቻ ብቅ ይበል ብላ ነው» አሉት።

በዚህ አገር እንዲህ የተባለ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። ለታመመማ «ቶሎ ድረስ» ነው የሚባለው። «ደህና ናት» የሚባለው ለቅሶ ተቀምጦ ሲጠብቅህ ነው። ይታገሱ የጠመኔ ብናኝ ያለበትን እጁን በሱሪው ጠረገና አንድም ነገር ሳይጠይቅ ተከተላቸው። መጠየቅም ነውር ነው፤ ነጋሪው መንገድ ለመንገድ የሚለማመደውን ነገር መቀማት ነው።

የሞተችው እናቱ እንዳልሆነች ግን ልቡ ነግሮታል። የአያ ክንዱ ፊት እህቱ የሞተችበት ሰው ፊት አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ በየገደሉ ሲፈልግ የከረመውን ነገር ያገኘ፣ ባገኘውም የተጸጸተ ሰው ፊት ነበር።

ሲፈልጉ የከረሙት ስመኘውን ነው፤ የይታገሱን ታናሽ፣ የእናታቸውን የአደይን የመጨረሻ ልጅ። ቀይ፣ ሳቂታ፣ ግንባሩ ላይ በልጅነቱ የበሬ ቀንድ የተወለት ጠባሳ ያለው ልጅ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ መንገድ በተዘጋ ሰሞን፣ ከፍኖተ ሰላም ደውሎ ለእናቱ «መኪና የለም፤ በእግሬ አቋርጬ እመጣለሁ። ቢመሽብኝም በሩን እንዳትቀረቅሪው» አላት። ከዚያ በኋላ ስልኩም ጠፋ፣ እሱም ጠፋ። ሞተ የሚል የለም፣ ታሰረ የሚል የለም፣ አየሁት የሚል የለም።

አደይም በሩን አልቀረቀረችውም። ጅብ ደጃፍ ድረስ በሚመጣበት አገር፣ ሌባው ከጅቡ በባሰበት ዘመን፣ የዚያች ሴት በር ሁለት ዓመት ሙሉ ገርበብ ብሎ አደረ። መርዶ ስላልመጣ አልተለቀሰም። ስላልተለቀሰ ጥቁር አልተለበሰም። ጎረቤቱ «አይዞሽ፣ ይመጣል» ይላት ነበር እንጂ «እግዜር ያጽናሽ» ሊላት የደፈረ የለም። ሰውነቷ ግን አለቀ። ጉርሻው አፏ ሳይደርስ ኮቴ የሰማች ይመስላትና ትነሳለች፤ ያ እህል እዚያው ይቀዘቅዛል።

ወደ መንደራቸው ወደ ዋንዛ ሜዳ የሚያስገባው አቀበት ላይ ሲደርሱ አያ ክንዱ ቆሙ። «ለቤቴ መምረጊያ ጭቃ ልቆፍር ወርጄ ነበር» አሉ ወደ ሌላ እያዩ። «ክረምቱ ቦረቦሩን ንዶታል። ከግድግዳው ላይ እጅ ወጥቶ አየሁ። እጁን ዘርግቶ ነበር፣ ልጄ። እንደሚለምን ሰው ዘርግቶ ነበር።»

ይታገሱ መንገዱ ዳር ተቀመጠ። አያ ክንዱም ዱላቸውን ጥለው አጠገቡ ተቀመጡና፣ እስከዚያ ይዘው ያቆዩትን ለቅሶ ለቀቁት።

ቤት ሲደርሱ መንደሩ ሁሉ ግቢውን ሞልቶታል። ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ፤ ወንዶቹ ጋቢያቸውን አደግድገው ቆመዋል። አደይ መደቡ ላይ ተቀምጣለች፤ ጭኗ ላይ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አለ። ለማንም አልሰጥም ብላ ነው የዋለችው። ልጇን ስታይ ነጠላውን ገለጥ አድርጋ፣ «ና ይታገሱ፤ ወንድምህን ሰላም በለው» አለችው።

የንስሐ አባታቸው መምሬ ሀብተሚካኤል ከጎኗ ቆመዋል። ጠንቃቃ ሰው ናቸው፤ ቸኩለው የሚያጥኑ ካህን አይደሉም። ይታገሱን ትከሻውን ያዝ አድርገው ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ። «አንተ የአካልን ነገር የምታስተምር ነህ፣ ልጄ። እኛ ገበሬና ደብተራ ነን። እንዳንሳሳት አንተ እይልንና ቃልህን ስጠን። ፍትሐቱን የምናደርገው በቃልህ ነው።»

ተንበርክኮ አየው። ጭቃው እንደያዘው የወጣ፣ ከአንጓው እስከ ጣቶቹ ሳይበተን የቀረ የእጅ አጥንት ነው። አምስት ጣት። ጠቁሯል። አያ ክንዱ ከልብሱ የተረፈ ቁራጭ እዚያው ፈልገው እንዳላገኙ ተናገሩ። ይታገሱ መዳፉን ከሥር ደግፎ ብድግ ሲያደርገው ከበደው። የጭቃ ክብደት አይደለም፤ የድንጋይ ክብደት ነው። ደግሞ አውራ ጣት የመሰላቸው ጣት ወደ ጎን አልወጣም፤ ከሌሎቹ ጋር አብሮ ተሰልፏል፤ ከአምስቱም የቀጠነ እሱ ነው። ትንሿ ጣት መሆን የነበረባት ደግሞ ከሁሉም ወፍራም ናት።

ይህን እጅ ያውቀዋል። ከጥቂት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ለመምህራን ሥልጠና ሄዶ ሳለ፣ ዶክተር ሠርክአዲስ የተባሉ የቅሪተ አካል ተመራማሪ አንድ የጂፕሰም እጅ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው «የማን ነው?» ብለው ነበር። መምህሩ ሁሉ የሰው ነው አለ። አንዱ ቀልደኛ «የገበሬ ነው፣ አያዩትም ውፍረቱን?» ብሎ ሁሉንም አሳቀ። ዶክተሯም አብረው ሳቁና «ድብ ነው» አሉ። ጥፍሩ ከወለቀ የድብ እጅና የሰው እጅ ሐኪምን ሳይቀር ያሳስታል፣ ለመለየት ጣቶቹን ማየት ነው አሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ድብ ነበር ወይ ብሎ የጠየቀው ራሱ ይታገሱ ነበር። ከሰው ታሪክ በፊት እንደነበር፣ አፋር በረሃ ውስጥ ጥርሱም አጥንቱም አልፎ አልፎ እንደተገኘ፣ በደጋው ግን እስካሁን ያገኘ ሰው እንዳላወቁ መለሱለት። ይታገሱ ያን ሌሊት ድቡን ሲያስብ ዐይኑን ሳይከድን አደረ። ሁለተኛ ዲግሪውን በዚሁ ሊሠራ አስቦ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ወንድሙ ጠፋ፣ ነገሩም እዚያው ቀረ።

ድብ የሚባል አውሬ ጎጃም ውስጥ ያለው ዳዊት ገደለው በሚባልበት ንባብ ላይ ብቻ ነው። ዲያቆኑ ያነበዋል፤ ሕዝቡ ይሰማዋል፤ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ግን የለም፤ ጅብም ይሁን ጦጣ ሁሉም በየልቡ ሥሎታል። ያ የንባብ አውሬ ይኸው አሁን አደይ ጭን ላይ ተኝቷል፤ አደይም ጣቶቹን አንድ በአንድ ትዳብሳለች።

«እህ?» አሉ መምሬ።

ይታገሱ ቀና ሲል ከእናቱ ጋር ዐይን ለዐይን ተገጣጠመ። ልመና ቢያይባት ኖሮ እውነቱን ይናገር ነበር፤ ያየው ግን ድካም ነው። ሁለት ዓመት ያልተኛች ሴት ድካም።

«እሱ ነው» አለ።

ግቢው በጩኸት ተናጋ። ዲያቆኑ እጁን ለማጠብ ውሃ ይዞ ሲመጣ ይታገሱ ከለከለው። «ውሃ ከነካው ይፈርሳል፤ እንዳለ ይገነዝ» አለ። ሕዝቡም የተማረ ሰው ያለውን ሰማ። ታጥቦ ቢሆን ኖሮ ማንም ገበሬ በሬ አርዶ የሚያውቅ ነውና ልዩነቱን ያየው ነበር።

ከቀብሩ በፊት የቀረውን አጽም ለማምጣት ከአያ ክንዱ ጋር ወደ ቦረቦሩ ወረዱ። አያ ክንዱ እያለቀሱ ከወዲህ ሲቆፍሩ፣ ይታገሱ ከወዲያ የጭቃውን ግድግዳ ቢፍቀው መንጋጋ ብቅ አለ። የመሐል ጣት የሚያህል ክራንቻ ነበረበት። ዘወር ብሎ አያ ክንዱን አየ፤ አላዩትም። ጭቃ ዘግኖ መልሶ ለጠፈበት። ከዚያም «ሌላውን ጎርፍ ወስዶታል፣ አያ ክንዱ፤ እጁን ያገኘነውም በእግዜር ቸርነት ነው» አለ። አንደኛው ውሸት ሁለተኛውን ጎትቶ አመጣው፤ እሱም ራሱ እንዴት እንደቀለለው ገርሞታል።

የዋንዛ ሜዳ ሚካኤል ካህናት ምንም ሳያጎድሉ ፍትሐቱን አደረሱ። በክርስትና ስሙ ነው የሚጠራው፤ የስመኘው የክርስትና ስም ኪዳነ ማርያም ነው። ነፍሰ ገብርከ ኪዳነ ማርያም በተባለ ቁጥር ይታገሱ ጥርሱን ነከሰ። ከጥንት ከጥንት ሜዳውን ሲያስሰው የኖረ፣ ማር ሲሰርቅ ንብ የነደፈው፣ ጠግቦ የተኛ፣ አርጅቶ አንድ ቀን እዚያ ጭቃ ውስጥ የወደቀ አውሬ፣ ዛሬ ዕጣን እየታጠነለት፣ በክርስቲያን ስም ኃጢአቱ እየተሠረየለት ነው። የማን ኃጢአት? ይታገሱ አለቀሰ። ሰው ሁሉ ለወንድሙ መሰለው፤ ለወንድሙም ነበር። ስመኘውን ያን ቀን ነው በገዛ እጁ የቀበረው፤ ይኑር ይሙት ሳያውቅ።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ አደይ ተነስታ በሩን ቀረቀረችው። ከዚያ የቀረበላትን እህል እስከ መጨረሻው በላች፣ ጋቢዋን ተከናንባ ተኛች፣ እስኪነጋም አልባነነችም። በማግስቱ የስመኘውን ልብስ አውጥታ ለቆሎ ተማሪዎች ሰጠች። ጥቁሯን ለበሰች። ደረቷ ሲጠቁር ፊቷ እየተፈታ ሄደ። ይታገሱ ይህን ሲያይ «እንኳን ዋሸሁ» አለ በልቡ፤ ለጥቂት ቀንም አመነው።

ችግሩ መንጋጋው ነው። መንጋጋው ከዐይኑ አልጠፋ አለ። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ወጥቶ ኔትወርክ እስኪያገኝ ስልኩን ወደ ሰማይ ሲዘረጋ ቆየና ለዶክተር ሠርክአዲስ ደወለ። ያየውን ነገራቸው። ዶክተሯ እንደ ልጅ ጮኹ። «ይታገሱ! እባክህ እንዳትነካው! ከቦታው የወጣ አጥንት ግማሽ ዋጋውን ያጣል። እጁና መንጋጋው የአንድ አውሬ መሆናቸውን ካየን ሌላ ታሪክ ነው። እጁ የት ነው ያለው?»

«ደህና ቦታ ነው» አለ ይታገሱ። ከቆመበት ሆኖ መቃብሩ ይታየዋል።

እመጣለሁ አሉት፤ መንገዱ ግን አልተከፈተም። ዛሬ ይከፈታል ሲባል ነገ ይዘጋል። ዝናቡ ደግሞ በየቀኑ ይወርዳል፤ ቦረቦሩ በዘነበ ቁጥር ይናዳል። ይታገሱ ከቡሬ እየመጣ፣ ለእናቱ «ላጽናናሽ» እያለ፣ ሰው ሲዘናጋለት ወደ ቦረቦሩ ይወርዳል። ላስቲክ አለበሰው፤ ቦይ ቀደደለት፤ በቀለም ቡርሽ ጭቃውን ጠረገለት። የጎድን አጥንት አየ፤ የጀርባ አጥንት አየ። አንድ ቀን ከዝናቡ ተጠልሎ ክራንቻውን ሲጠርግ እያንጎራጎረ መሆኑ ታወቀው። ወንድሙ ከጠፋ ጀምሮ አንጎራጉሮ አያውቅም። እፍረቱ ፊቱን አቃጠለው፤ ቡርሹን ግን አላስቀመጠም።

የአርባው ተዝካር ሲቃረብ አደይ ብቅሉን አስፈጨች፣ ጌሾው ተወቀጠ። አያ ክንዱ ለተዝካሩ የሚጎድለውን ሊገዙ ፍኖተ ሰላም ገበያ ደርሰው መጡና፣ ግቢው ውስጥ እንጨት ለሚፈልጠው ለይታገሱ እግረ መንገዳቸውን ነገሩት።

«ገበያ ላይ አንድ ከእስር የተፈታ ሰው አገኘሁ። ወዴት እንደሆነ እንጃ፣ ሩቅ ነው የታሰረው። ከእኛ ጋር አንድ የቡሬ ወገን ልጅ ነበር አለኝ። ቀይ ነው፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው አለኝ።» አያ ክንዱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የኛው ባይቀበር ኖሮ እግሩ ላይ በተደፋሁ ነበር። ምስኪን፣ የሱንም እናት እግዜር ይርዳት ብዬው መጣሁ።»

ይታገሱ መጥረቢያውን እንዳነሳ ቀረ። «ስሙን ጠየቁት፣ አያ ክንዱ? የሰውየውን? ከየት እንደሆነ?»

«ምን ያደርግልኛል ብዬ? እኛ እኮ ቀብረናል።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ቦረቦሩ ወርዶ መንጋጋውን ከግድግዳው ፈልቅቆ አወጣው፤ ያለ ማስረጃ ማንም አያምነኝም ብሎ ነው። ያን ሲያደርግ ዶክተሯ ያሉት ነገር ጆሮው ላይ ነበር። ለብርድ ይለብሰው የነበረውን ንጹሕ ሹራቡን አውልቆ፣ እንዳይጋጭ በጥንቃቄ ጠቀለለውና አቅፎት ወጣ።

እናቱ ጠላ ቤቱ ደጃፍ ላይ ጋን ታጥናለች። ብቻዋን ነበረች።

«እማ፣ የቀበርነው ስመኘው አይደለም።»

አደይ ቀና አላለችም። ሹራቡን ፈትቶ መንጋጋውን ፊት ለፊቷ አስቀመጠው። «የዚህ እጅ ነው። ድብ ይባላል።»

እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ክራንቻውን በጣቷ ነካችው። «ዳዊት የገደለው?»

«የሱ ዓይነት። ዘመን ከመቆጠሩ በፊት እዚህ ይኖር የነበረ ነው። እጁ የሰው እጅ ይመስላል።»

«መቼ አወቅህ?»

«የዚያኑ ዕለት።»

«ጭኔ ላይ ሳለ?»

«ጭንሽ ላይ ሳለ፣ እማ።»

አደይ ጋኑን ተደግፋ ተቀመጠች። ድምፅዋ ቁጣ የለበትም፤ ቁጣ ቢኖረው ይታገሱ በተጽናና ነበር። «እንግዲያ ልጄ አለ ማለት ነው?»

«አላውቅም። ፍኖተ ሰላም ላይ የታየ ሰው አለ፤ ጠባሳ ያለው ልጅ አይቻለሁ ያለ። ስመኘው ይሁን አይሁን አላውቅም። ግን መፈለግ አለብን፤ ለዚህ ነው የነገርኩሽ።»

«ጨርሼ ነበር እኮ» አለች። «አልቅሼ፣ ልብሱን ሰጥቼ፣ ጨርሼ ነበር። በሩን ስቀረቅረው እጄ እንዴት እንደከበደኝ እኔ ነኝ የማውቀው። አሁን ደግሞ ክፈችው ትለኛለህ?» ከዚያ መንጋጋውን አየች፣ የተጠቀለለበትን ሹራብ አየች፣ ብርድ ያንቀጠቀጠውን ልጇን አየች። «ለወንድምህ ብለህ ነው የነገርከኝ፣ ይታገሱ? ወይስ ለዚህ?»

ይታገሱ ጎንበስ ብሎ መንጋጋውን መልሶ በሹራቡ ጠቀለለው። እሱም ራሱን ያን ጥያቄ ሳይጠይቅ አልቀረም፤ መልሱን ነው ሲሸሸው የቆየው።

ወሬው ከመምሬ ጆሮ ሲደርስ አልተቆጡም፤ ይታገሱን አስጠርተው ብቻ «በቃልህ ነው ብዬህ ነበር» አሉት። «ባለማወቅ ያደረግነውን እግዚአብሔር ይቅር ይለናል። ካወቅን በኋላ ግን አውሬ ከክርስቲያን መቃብር መሐል አይተኛም።» በማግስቱ መቃብሩ ተከፈተ። ለተዝካር የተጠራው ሰው ለዚያ ተሰበሰበ። ጠላው ደርሷል፤ የሚቀዳው ግን ጠፋ። የሚያለቅስ የለም፣ የሚስቅም የለም፤ ሰው ወዴት እንደሚያይ ግራ ገብቶት መሬት መሬት ያያል። የተገነዘበት ነጭ ጨርቅ ሲፈታ እጁ እንዳለ ነበር፤ አምስቱ ጣቶቹ ተዘርግተው።

አያ ክንዱ እጁን ነጥቀው ያዙት። ሁለት ዓመት በእግራቸው የዞሩ፣ ይኸው አገኘሁ ብለው አቅፈው ያመጡ፣ የተፈታውን ሰው ስሙን እንኳ ሳይጠይቁ የሸኙ ሰው ናቸው። ዐይናቸው ደም ለብሷል። ከቅጥሩ ወጥተው ቁልቁል ወደ ወንዙ ገሰገሱ። ሌሊቱን ዘንቦ ወንዙ ሞልቷል፤ ግንድ እየጎተተ ያጓራል።

ይታገሱ ያሰቡትን ያወቀው ገደሉ አፋፍ ላይ ሲቆሙ ነው። «አያ ክንዱ! ይተዉት! በእናቴ ሞት፣ በሚካኤል ይዤዎታለሁ፣ ይተዉት!» እያለ ሮጠ። ጋቢው ወደቀ፤ ድንጋይ አደናቅፎት በጉልበቱ ተደፋ፤ ተነስቶ ደግሞ ሮጠ። አያ ክንዱ ወረወሩት። አንድ ጊዜ ውሃው ላይ ታየና ጠፋ። ይታገሱ አፋፉ ላይ ተንበርክኮ ጮኸ፤ ከሆዱ ወጥቶ ሰማይ የሚበሳ ጩኸት ጮኸ። ለወንድሙ ቀብር እንዲያ አልጮኸም ነበር።

ዘወር ሲል ሕዝቡ ሁሉ ያየዋል። እናቱም ከመሐል ቆማ ታየዋለች። ጥያቄዋ ተመልሶላታል።

የቀረውንም ነገር ዝናቡ ጨረሰው። ከሦስት ቀን በኋላ ይታገሱ ሲወርድ ላስቲኩ የለም፣ ቦዩ የለም፣ ያ የጭቃ ግድግዳ ራሱ የለም፤ ቦረቦሩ ሰፍቶ ሌላ ቦረቦር ሆኗል። ዶክተር ሠርክአዲስ ሲደውሉ ስልኩን እያየው አላነሳውም። አያ ክንዱ ፍኖተ ሰላም ሄደው ገበያውን፣ መናኸሪያውን፣ የእህል በረንዳውን ሁሉ እየዞሩ «አንድ የተፈታ ሰው፣ ቁመቱ ይህን የሚያህል» እያሉ ጠየቁ። ጅጋ ድረስ ሄደው ጠየቁ። ስም የሌለውን ሰው ማን ያውቀዋል? ባዶ እጃቸውን ተመለሱና አልጋ ላይ ወደቁ።

አደይ ጥቁሯን አላወለቀችም፤ እንዳታወልቅ ልጇ ሞቶ ይሆናል። ተዝካሩንም አላወጣችም፤ እንዳታወጣ ልጇ በሕይወት ይኖር ይሆናል። ጠላው ጋኑ ውስጥ ኮመጠጠ። ሰዎች ሲያገኟት «አይዞሽ» ይበሉ «እግዜር ያጽናሽ» ይበሉ ግራ ገብቷቸው መንገድ መቀየር ጀመሩ። የስመኘውን ጃኬት የለበሰ የቆሎ ተማሪ በደጇ ባለፈ ቁጥር ከመደቡ ብድግ ትላለች፤ ልጁም ይህን አይቶ በሌላ በኩል መዞር ለመደ።

ይታገሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቡሬ መምጣቱን አላቋረጠም። መንጋጋው መደቡ ሥር ነው። ሊወስደው ድፍረት አጣ፤ እሷም አውጣልኝ አላለችው። አንድ ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ሳሉ አደይ በእግሯ ጣት መደቡ ሥር ወዳለው መንጋጋ ጠቆመች።

«የዚህ ዘር አሁን የት ነው ያለው?»

«እዚህ አገር የለም፣ እማ። የሱ ዘር ጭራሽ ጠፍቷል። ከምድር ላይ።»

«አንድም አልቀረ? ሴቷም፣ ግልገሉም?»

«አንድም።»

ከብቶች ወደየበረታቸው ገቡ፤ መንደሩ በየቤቱ በሩን ሲዘጋ ይሰማል።

«እሱስ ታድሏል» አለች። «የሚጠብቀው የለም።»

ከዚያ ጉልበቷን ይዛ ተነሳችና ገባች። መቀርቀሪያው ግድግዳው ጥግ እንደተደገፈ ነበር። አልነካችውም።